የፕራይመሪ ፍልሚያ ክፍት የሴኔት ወንበር ያስነጥቃል?

የቀረበው ጥያቄ፦ «በ2024 ሜሪላንድ እኖር ነበር። አንድ እጩ ለፓርቲው የውስጥ ውድድር ብቻ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከኪሳቸው አውጥተው ሲሸነፉ አየሁ፤ እሳቸውን ያሸነፉት ሴት ግን በኖቬምበርም አሸነፉ። አሁን ሌላ ግዛት ነኝ። እዚህም ሴናተሩ ከእንግዲህ አልወዳደርም ብለዋል። በምደግፈው ፓርቲ አራት ሰዎች ይፋጃሉ፤ በወዲያኛው ወገን አንድ ሰው ብቻቸውን ተረጋግተው ቆመዋል። ይህ ጠብ ወንበሩን አሳልፎ አይሰጥብንም ወይ? ዜግነት ካገኘሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነውና ድምፄን እንዴት እንደምጠቀምበትም ንገሩኝ።»

ጠቡ ብቻውን ወንበር አያስነጥቅም። ብርቱ ፕራይመሪ (ፓርቲው እጩውን የሚለይበት የውስጥ ምርጫ) በኖቬምበሩ ጠቅላላ ምርጫ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት የመቶኛ ነጥብ የሚለካ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ምን ያህል ተሰዳደቡ?» ሳይሆን «ግዛቴ በጥቂት ነጥብ የሚወሰን ግዛት ነው ወይ?» የሚለው ነው። ይህ ከታወቀ በኋላ ነው የቀኑ፣ የገንዘቡና የተሸናፊዎቹ ጠባይ ነገር የሚመጣው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የ2022 የኦሃዮና የፔንሲልቬኒያ ምርጫ ነው። ሁለቱ ግዛቶች ይዋሰናሉ። በሁለቱም ሪፐብሊካን ሴናተሮች፣ ሮብ ፖርትማንና ፓት ቱሚ፣ አንወዳደርም ብለው ወንበሩን ለቀቁ። በሁለቱም የሪፐብሊካን ፕራይመሪው መራራ ነበር። በኦሃዮ ጄ.ዲ. ቫንስ በ32 በመቶ አሸነፉ፤ ጆሽ ማንዴልና ማት ዶላን እያንዳንዳቸው ከ23 በመቶ በላይ ወስደዋል። በፔንሲልቬኒያ ዶክተር መሕመት ኦዝ ያገኙት 31 በመቶ ነው፤ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጥቶ ዴቪድ መኮርሚክን የበለጡት በ951 ድምፅ ብቻ ነበር። ልዩነቱ ከግማሽ በመቶ በታች ስለሆነ ሕጉ ድጋሚ ቆጠራ አስገደደ። ሁለቱም እጩዎች ከገዛ ፓርቲያቸው መራጭ ሁለት ሦስተኛው ያልመረጣቸው ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ኖቬምበር ሲደርስ ግን ቫንስ 53 ለ47 አሸነፉ፤ ኦዝ 51 ለ46 ተሸነፉ፤ ወንበሩም ወደ ዴሞክራቱ ጆን ፌተርማን ሄደ።

መነሻቸው እንዲህ ተቀራርቦ መጨረሻቸውን የለየው ምንድን ነው? ትራምፕ በ2020 ኦሃዮን በ8 ነጥብ ሲያሸንፉ ፔንሲልቬኒያን በ1 ነጥብ ግድም አጥተዋል። ቫንስም ቢሆኑ ሳይጎዱ አልወጡም። በዚያው ቀን፣ በዚያው የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ፣ የፓርቲያቸው ገዥ ማይክ ዴዋይን በ25 ነጥብ ሲያሸንፉ ቫንስ ያሸነፉት በ6 ነጥብ ነው። ዴዋይን በሥልጣን ላይ የነበሩ ገዥ ስለሆኑ ልዩነቱን በሙሉ በፕራይመሪው ላይ መጫን አይገባም። ያም ሆኖ ኦሃዮ ያን ያህል ጉዳት መሸከም ችላለች፤ ፔንሲልቬኒያ ግን አልቻለችም። በፔንሲልቬኒያም ሌላ ሸክም ነበረ፦ ለገዥነት የቀረቡት ሪፐብሊካን በ15 ነጥብ ግድም ተሸንፈዋል፤ ከላይ ያለ እጩ እንዲህ ሲወድቅ ከሥሩ ያለውን ይዞ ይወርዳል። ምክንያቱን ሁሉ ለፕራይመሪው የሚሰጥ ትንታኔ ሲያዩ ይጠርጥሩ።

የእጩዎች ቁጥርም ያሳስታል። ክፍት ወንበር ላይ ሰው የሚበዛው ወንበሩ የሚገኝ ሲመስል ነው፤ በጥቁር ድንጋይ ላይ ውሃ ለማፍሰስ አራት ሰው አይሽቀዳደምም። ስለዚህ «እጩ የበዛበት ፓርቲ ይሸነፋል» የሚለው አባባል ስሌቱን ከጅራቱ ይጀምረዋል። በወዲያኛው ወገን አንድ ሰው ብቻቸውን መቆማቸውም ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛው፣ የፓርቲው መሪዎች ጠንካራ ሰው አግኝተው ሌሎቹን እንዳይገቡ አሳምነዋል ማለት ሊሆን ይችላል። በ2022 የሪፐብሊካን ሴናተሮች የምርጫ ኮሚቴ ሊቀመንበር የነበሩት ሪክ ስኮት በክፍት ወንበሮች ፕራይመሪ ጣልቃ አልገባም አሉ፤ በ2024 የተኳቸው ስቲቭ ዴንስ ግን በብዙ ግዛት ገና ከጅምሩ እጩ መርጠው መንገዱን ጠረጉ። ሁለተኛው ፍቺ ግን ማንም የሚፈልገው የለም የሚለው ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሰውየው ከዚህ በፊት በመላው ግዛቱ ተመርጠው ያውቁ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ከዚያ በእጃቸው ያለውን ገንዘብ። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ መረጋጋታቸው ብዙም አያስፈራ።

አሁን ወደ ቀኑ ልሂድ፤ ከሕግ ጉዳዮች ውስጥ ሰው በጣም የሚዘነጋው ይህን ነው። የፕራይመሪ ቀን የሚወስነው ግዛቱ ነውና ከማርች እስከ ሴፕቴምበር ይዘረጋል። ኦሃዮ በ2022 ከፕራይመሪው እስከ ጠቅላላ ምርጫው 27 ሳምንት ነበራት። በዚያ ጊዜ ቂም ይበርዳል፣ ካዝና ይሞላል፣ እጩው ፊቱን ከፓርቲው ደጋፊ ወደ መላው ሕዝብ ያዞራል። አሪዞና በ2018 የነበራት 10 ሳምንት ብቻ ነው። ጄፍ ፍሌክ በለቀቁት ወንበር ሪፐብሊካኗ ማርታ መክሳሊ እስከ ኦገስት 28 ድረስ በቀኛቸው ከቆሙ ሁለት ተፎካካሪዎች ጋር ሲታገሉ ከረሙ፤ በስደተኞች ጉዳይና ለትራምፕ ባላቸው ታማኝነት ላይ እየተፎካከሩ 55 በመቶ ግድም አግኝተው አለፉ። ዴሞክራቷ ኪርስተን ሲነማ ግን ይህ ነው የሚባል ተፎካካሪ ስላልነበራቸው በጋውን በሙሉ ራሳቸውን ለዘብተኛና ከማንም ጋር የሚሠሩ አድርገው በቴሌቪዥን ሲያስተዋውቁ ቆዩ። ሲነማ ያሸነፉት 50 ለ47.6 በሆነ ድምፅ ነው። መክሳሊ ፕራይመሪውን በሰፊ ልዩነት ነው ያሸነፉት፤ የጎዳቸው የፍልሚያው ጥበት ሳይሆን ጊዜው ነበር። ተቀናቃኛቸው ለመሃል መራጮች እያወሩ በነበረበት ወር እሳቸው ለፓርቲው ጠርዝ ያወሩ ነበር። በእኔ ግምት ከኦገስት አጋማሽ በኋላ የሚደረግ ፕራይመሪ፣ ተቀናቃኙ ያለ ውድድር ከቆመ፣ ጠባብ በሆነ ግዛት አንድ ሁለት ነጥብ ያስከፍላል።

የግዛትዎን ሳምንታት ሲቆጥሩ ውጭ አገር ላሉ መራጮች የድምፅ ወረቀቱ ከምርጫው 45 ቀን በፊት መላክ እንዳለበት የፌዴራል ሕግ እንደሚያዝ አይርሱ። ቀደም ብሎ ድምፅ መስጠትም አለ። ስለዚህ እጩው በእውነት የሚጠቀምበት ጊዜ በቀን መቁጠሪያ ከሚታየው በጥቂት ሳምንት ያንሳል።

ገንዘብ። የእጩዎቹን ሪፖርት በፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ማንም ማየት ይችላል፤ አነባበቡን ግን ብዙ ጋዜጠኛም ይስተዋል። አንድ ሰው ለአንድ እጩ መስጠት የሚችለው መጠን በምርጫ ይቆጠራል፤ በ2025–2026 ዙር ለአንድ ምርጫ 3,500 ዶላር ነው። ፕራይመሪው አንድ ምርጫ፣ ጠቅላላው ሌላ ምርጫ ነው። የመለያ ምርጫ (በፕራይመሪው የሚፈለገውን መቶኛ ያገኘ ሲጠፋ በሁለቱ ቀዳሚዎች መካከል የሚደረግ) ካለ እሱም ለብቻው ይቆጠራል። ደጋፊው በአንድ ጊዜ 7,000 ዶላር ቢሰጥ ግማሹ ለጠቅላላ ምርጫው የተቀመጠ ነውና እጩው ለፕራይመሪው ሊነካው አይችልም፤ ከወደቀ ያን ገንዘብ ለፕራይመሪው ዕዳ ማዋል አይችልም፤ ለሰጪው ይመልሳል። እንግዲህ አንድ እጩ «በእጄ 4 ሚሊዮን ዶላር አለ» ቢሉና ከዚያ ውስጥ 1.5 ሚሊዮኑ ለኖቬምበር የታሰረ ቢሆን፣ ለፕራይመሪው ያላቸው 2.5 ሚሊዮን ነው። ከዚያ ላይ ዕዳውን ይቀንሱ። ከፕራይመሪው በፊት የሚቀርበው ሪፖርት የሚደርሰው ከምርጫው 12 ቀን በፊት ሲሆን የሚሸፍነው እስከ 20ኛው ቀን ያለውን ነው፤ ከዚያ በኋላ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ስጦታ በ48 ሰዓት ውስጥ ይገለጻል።

የሁሉም ዶላር ዋጋ እኩል አለመሆኑንም ይወቁ። የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ጣቢያዎች ከፕራይመሪው በፊት ባሉት 45 ቀናት፣ ከጠቅላላ ምርጫው በፊት ደግሞ በ60 ቀናት ውስጥ፣ ለእጩው ራሱ ዝቅተኛውን የማስታወቂያ ዋጋ የማስከፈል ግዴታ አለባቸው። ሱፐር ፓክ (ከእጩው ተለይቶ ያለ ገደብ ገንዘብ ሰብስቦ የሚያወጣ ቡድን) ግን ይህ መብት የለውም፤ ጣቢያው የጠየቀውን ይከፍላል፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደግሞ ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። ስለዚህ በፕራይመሪ ካዝናው የተራቆተ እጩ «ሱፐር ፓክ ይሸፍንልኛል» ቢል ያው ማስታወቂያ እጅግ ተወዶ ነው የሚገዛለት።

ኦሃዮ የሆነውም ይኸው ነው። ቫንስ ከፕራይመሪው ሲወጡ የዘመቻ ካዝናቸው ሳስቶ ነበር፤ ዴሞክራቱ ቲም ራያን በራሳቸው ዘመቻ በሰበሰቡት ገንዘብ ብዙ እጥፍ በለጧቸው። በኦገስት የሴኔት ሪፐብሊካን መሪዎች ሱፐር ፓክ ለኦሃዮ ብቻ የ28 ሚሊዮን ዶላር የማስታወቂያ ጊዜ ያዘ። በዚያው ሰሞን በአሪዞና አስቀድሞ ከያዘው ላይ ብዙ ሚሊዮን ሰረዘ። ካዝናው አንድ ነው፤ እዚህ ያፈሰሱት እዚያ የለም። ለዚህ ነው በማያሰጋ ግዛት የተደረገ ውድ ፕራይመሪ ጉዳቱ በዚያው ግዛት ሳይታይ በሌላ ግዛት የሚታየው። የእርስዎ ግዛት ለፓርቲዎ ምቹ ከሆነ፣ ጥያቄው «እንሸነፋለን ወይ?» ሳይሆን «የማን ገንዘብ ወደዚህ ይዞራል?» ነው።

የተባለው ነገር ዓይነትም ከብዛቱ በላይ ይመዝናል። በፖሊሲ ላይ የሚደረግ ክርክር (የጤና መድን፣ ግብር፣ የስደተኞች ሕግ) ጊዜው ሲያልፍ ይረሳል፤ እንዲያውም እጩውን ያበረታዋል። የማይረሳው በሰውየው ማንነትና ሐቀኝነት ላይ የሚነሳው ነው፤ ምክንያቱም ያን ወሬ የጀመረው የገዛ ወገን ስለሆነ መራጩ «ይህማ የጠላት ወሬ ነው» ብሎ ሊጥለው አይችልም። ለተቀናቃኝ ዱላ ማቀበል ማለት ይህ ነው። ኦዝ ለረጅም ዘመን በኒው ጀርሲ የኖሩ መሆናቸውን በፕራይመሪው ያነሱት የገዛ ፓርቲያቸው ተፎካካሪዎች ናቸው። ፌተርማን በበጋው ያንኑ አንስተው የዘመቻቸው ዋና መዝሙር አደረጉት። የእርስዎን አራት እጩዎች ማስታወቂያ ሲያዩ ይህን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ይህ ማስታወቂያ ማን እንደከፈለው የምትናገረው የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተቀይራ ኦክቶበር ላይ በሌላው ፓርቲ ሊተላለፍ ይችላል? ከቻለ ጎጂ ነው። «ተቀናቃኜ ለፓርቲያችን በቂ ታማኝ አይደለም» የሚለው ግን በኖቬምበር እጩውን ሊጠቅመው ይችላል፤ ከመሃል ያለው መራጭ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነውና።

ሌላው በማሸነፊያው መቶኛ ላይ ያለው የሕግ ልዩነት ነው። በአብዛኞቹ ግዛቶች ብዙ ድምፅ ያገኘ፣ 25 በመቶም ቢሆን፣ ያልፋል። በጆርጂያ፣ በቴክሳስ፣ በአላባማ፣ በሚሲሲፒ፣ በሳውዝ ካሮላይናና በኦክላሆማ ግን ከግማሽ በላይ ካላገኘ ሁለቱ ቀዳሚዎች ወደ መለያ ምርጫ ይሄዳሉ። ኖርዝ ካሮላይና መስፈርቱን ከ30 በመቶ በላይ አድርጋ፣ የመለያ ምርጫው የሚካሄደው ሁለተኛ የወጣው ሲጠይቅ ነው ትላለች። ሜይን መራጩ እጩዎችን በቅደም ተከተል እንዲደረድር ታደርጋለች። በአላባማ በ2022 ሪቻርድ ሼልቢ በለቀቁት ወንበር ሪፐብሊካኗ ኬቲ ብሪት በመጀመሪያው ዙር 45 በመቶ ግድም አግኝተው በመለያው 63 ለ37 አሸነፉ፤ ከፓርቲያቸው አብላጫ ድምፅ ይዘው ነው የወጡት። የመለያ ምርጫ ጥቅሙ ይህ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ሳምንታትንና ገንዘብን መብላቱ ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ ልስራው። ፓርቲው በግዛቱ 1 ሚሊዮን የተመዘገበ አባል ቢኖረውና 25 በመቶው ለፕራይመሪ ቢወጣ 250,000 ድምፅ ይሰጣል። አራት ወይም አምስት እጩ ባለበት በ32 በመቶ ለማሸነፍ 80,000 ሰው ይበቃል። ከመቶ አባል ስምንቱ ማለት ነው። እነዚህ ስምንቱ ከሌላው በተለየ የሚያስቡ ከሆኑ ፓርቲው ራሱን የማይመስል እጩ ይዞ ይቀርባል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ እንጂ በጫጫታው ላይ አይደለም።

ዴላዌር በ2010 ያየችው ይህንኑ ነው፤ ያውም በሁለት እጩ ብቻ። ጆ ባይደን ምክትል ፕሬዚዳንት ሲሆኑ በለቀቁት ወንበር ላይ የተሾሙት ሴናተር አልወዳደርም ስላሉ ወንበሩ ክፍት ነበር። ሪፐብሊካኖች ማይክ ካስል የሚባሉ የቀድሞ ገዥና ለዘጠኝ ዙር በተወካዮች ምክር ቤት ያገለገሉ ለዘብተኛ ሰው ነበሯቸው፤ በዴሞክራት ግዛት ወንበሩን ሊወስዱ ይችላሉ ተብለው የታመነባቸው ናቸው። ሴፕቴምበር 14 በተካሄደው ፕራይመሪ 57,000 ጥቂት አለፍ የሚል ሰው ብቻ ወጣና ክሪስቲን ኦዶኔል 53 ለ47 አሸነፏቸው። ሰባት ሳምንት ብቻ ቀርቶ ነበር። ዴሞክራቱ ክሪስ ኩንስ 57 ለ40 አሸነፉ። በ2015 የታተመ፣ በተወካዮች ምክር ቤት ምርጫዎች ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ ይህን በቁጥር አስቀምጦታል፦ ከሁለት ተቀራራቢ እጩዎች ጽንፈኛው ፕራይመሪውን ለጥቂት ሲያሸንፍ ፓርቲው በጠቅላላ ምርጫው በአማካይ ከ9 እስከ 13 የመቶኛ ነጥብ ያጣል። ከጠቡ የሚመጣው ጉዳት በአብዛኛው ከዚህ ያንሳል። ማን እንደተመረጠ እንዴት ከመመረጡ ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው።

ተሸናፊዎቹ። ፕራይመሪ ካለፈ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት የሚሆነውን በደንብ ይከታተሉ። የተሸነፈው በዚያው ምሽት ደውሎ እንኳን ደስ አለህ አለ? በአንድ መድረክ አብሮ ቆመ? ዋና ገንዘብ ሰብሳቢዎቹንና የመስክ ሠራተኞቹን አስተላለፈ? የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ መድረክ ላይ መተቃቀፍ ለካሜራ ነው፣ የመራጮች ዝርዝርና ገንዘብ ሰብሳቢ ግን የእርቁ እውነተኛ ማኅተም ነው። የተሸነፈ እጩ በግሉ ቆሞ ድምፅ ይከፍላል የሚለው ስጋት ብዙም መሠረት የለውም፤ አብዛኞቹ ግዛቶች በፕራይመሪ የወደቀ ሰው በዚያው ዓመት በድምፅ ወረቀቱ ላይ ስሙን እንዳያስገባ ይከለክላሉ። በጁን የሚወጣ የሕዝብ አስተያየት ጥናት አሸናፊው ከገዛ ፓርቲው 75 በመቶውን ብቻ ይዟል ቢል አይደንግጡ። አኩራፊው አብዛኛው እስከ ኦክቶበር ቤቱ ይመለሳል። በሴፕቴምበር መጨረሻም ካልተመለሰ ግን መጨነቅ ይገባል።

ሜሪላንድ ያዩት ነገር አሁን ቦታውን ያገኛል። ዴሞክራቱ ሴናተር ቤን ካርዲን በሜይ 2023 እንደማይወዳደሩ ሲያስታውቁ የተወካዮች ምክር ቤት አባሉና የቶታል ዋይን ባለቤት ዴቪድ ትሮን በራሳቸው ገንዘብ ገቡ፤ የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ሥራ አስፈጻሚዋ አንጄላ ኦልሶብሩክስ የገዥውን ዌስ ሙርንና የሴናተር ቫን ሆለንን ድጋፍ ይዘው ቆሙ። ኦልሶብሩክስ ሜይ 14 ቀን 53 ለ43 አሸነፉ። ሲልቨር ስፕሪንግ የነበረ ወገናችን ሁሉ ያን ሰሞን የፖስታ ሳጥኑ በትሮን ወረቀት መሞላቱን ያስታውሳል። ገንዘቡ ስም አስተዋወቀ እንጂ ድጋፍን አልገዛም። ከዚያ በኋላ 25 ሳምንት ነበረ፤ ሁለቱ በፖሊሲ የሚለያዩት በጥቂቱ ነበር። በወዲያኛው በኩል ደግሞ ሁለት ዙር ገዥ የነበሩት ላሪ ሆገን ቀላል ያልሆኑ ተቀናቃኝ ነበሩና ዴሞክራቶች ለመታረቅ በቂ ምክንያት ነበራቸው። ሆገን ትራምፕ በዚያው ቀን በግዛቱ በ28 ነጥብ ሲሸነፉ እሳቸው በ12 ነጥብ ብቻ ነው የተሸነፉት። ብርቱ እጩ በልዩነቱ ላይ 16 ነጥብ ያህል ማንቀሳቀስ ችሏል፤ እሱም በዚያ ግዛት አልበቃም። ኦልሶብሩክስ ደግሞ በፕራይመሪው ምክንያት ከካውንቲያቸው ውጭ መታወቅ ችለዋል። በጥቂት ነጥብ በሚወሰን ግዛት ግን ያው ፕራይመሪ እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሌላው ወገን በፕራይመሪያችሁ ውስጥ እጁን ሊያስገባ ይችላል። በካሊፎርኒያ ፓርቲ ሳይለይ ሁለቱ ቀዳሚዎች ያልፋሉ። በ2024 ለሴኔት የተወዳደሩት ዴሞክራቱ አዳም ሺፍ የሪፐብሊካኑን ስቲቭ ጋርቪን ስም «ለካሊፎርኒያ እጅግ ወግ አጥባቂ ነው» በሚል ማስታወቂያ ደጋግመው አነሱ። ላይ ላዩን ነቀፌታ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ሪፐብሊካን መራጮችን ወደ ጋርቪ መሰብሰብ ነበር። ሺፍና ጋርቪ እያንዳንዳቸው 31 በመቶ ከምናምን አግኝተው አለፉ፤ ዴሞክራቷ ኬቲ ፖርተር በ15 በመቶ ቀሩ። ሺፍም በኖቬምበር ከፖርተር ጋር ሳይሆን ከጋርቪ ጋር ተወዳድረው 59 ለ41 አሸነፉ። ስለዚህ «ይህ እጩ ከሁሉ የባሰ አክራሪ ነው» የሚል ማስታወቂያ በፖስታዎ ሲመጣ ከሥሩ ማን እንደከፈለው ያንብቡ።

ድምፅዎን በተመለከተ የመጀመሪያው ጉዳይ ምዝገባ ነው። «ክፍት ወንበር» (ሴናተሩ ዳግም የማይወዳደርበት) እና «ክፍት ፕራይመሪ» (በፓርቲው ያልተመዘገበም የሚመርጥበት) የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሰው ይቀላቅላቸዋል። ሜሪላንድ፣ ፔንሲልቬኒያና ኔቫዳ ዝግ ናቸው፦ በፓርቲው ካልተመዘገቡ በፓርቲው ፕራይመሪ ለሴኔት መምረጥ አይችሉም። በሜሪላንድ ፓርቲ ለመቀየር ቀነ ገደቡ ከፕራይመሪው 21 ቀን በፊት ነው፤ ኒውዮርክ ደግሞ ለጁን ፕራይመሪ ፓርቲ መቀየር የሚቻለው እስከ ፌብሩዋሪ 14 ነው፤ ብዙ አዲስ ዜጋ የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው። በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ፣ በጆርጂያ፣ በቴክሳስና በዋሽንግተን ግዛት በፓርቲ መመዝገብ የሚባል ነገር የለም። በሚኒሶታ ግን ከአንድ ፓርቲ ዓምድ ወደ ሌላው ተሻግረው ካሰመሩ ድምፅዎ ይበላሻል። በኮሎራዶ ፓርቲ የሌለው መራጭ የሁለቱም ወረቀት በፖስታ ይደርሰዋል፤ ሁለቱንም ሞልቶ ከመለሰ አንዱም አይቆጠርለትም። በጆርጂያና በቴክሳስ በመጀመሪያው ዙር በአንዱ ፓርቲ ከመረጡ በመለያው ወደ ሌላው መዞር አይችሉም፤ በመጀመሪያው ዙር ያልመረጠ ግን በመለያው መግባት ይችላል። በጆርጂያ መለያው ከ28 ቀን በኋላ ስለሆነ የፖስታ ድምፅ የሚፈልግ ወዲያው መጠየቅ አለበት።

ከዚያ ምርጫው የእርስዎ ነው። የመለያ ምርጫ ባለበት ግዛት በመጀመሪያው ዙር ልብዎ የወደደውን ይምረጡ፤ ሁለተኛ ዕድል አለዎት። በአንድ ዙር በሚያልቅበት ግን፣ አራት እጩ ካለና የሚስማሙዎት ሁለቱ ድምፅ የሚከፋፈሉ ከሆነ፣ እስከ መጨረሻው ሳምንት ቆይተው ከሁለቱ ጠንክሮ የወጣውን መምረጥ ይሻላል ባይ ነኝ። ቀደም ብለው በፖስታ የሰጡት ድምፅ እጩው ከውድድሩ ቢወጣም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

ቤትዎ ውስጥ ግሪን ካርድ ያላቸው ዘመዶች ካሉ ደግሞ ይህን ንገሯቸው፦ ለእጩ ገንዘብ መስጠትና በፈቃደኝነት መሥራት ይፈቀድላቸዋል፤ መራጭ ሆኖ መመዝገብ ግን ፈጽሞ አይፈቀድም። የመንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ጸሐፊው የሚያቀርብላቸውን የመራጭነት ቅጽ ሳያነቡ ፈርመው ዜጋ ነኝ ቢሉ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። ዜግነት ይዘው አዲስ አበባ የሚኖሩ ወገኖች ግን አሜሪካ በመጨረሻ በኖሩበት ግዛት የሴኔት ምርጫ መሳተፍ ይችላሉ፤ ለውጭ ነዋሪዎች የተዘጋጀውን የፌዴራል ማመልከቻ በየዓመቱ መጀመሪያ ቢሞሉ የፕራይመሪውም የጠቅላላውም ወረቀት በኢሜይል ወይም በፖስታ ይላክላቸዋል።